የልብ ቫልቭ ከተተካልኝ በ11ኛው ሳምንት ዱባይ መብረር እችላለሁ?

«የተከበሩ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 54 ዓመት ሲሆን የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። በልጅነቴ ይመላለስብኝ በነበረ የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ ልቤ መጎዳቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ባለፈው ግንቦት 25 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደረቴ ተከፍቶ ሚትራል የሚባለው የልቤ ቫልቭ፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ክዳን፣ በብረት ቫልቭ ተተካልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይኸው ሰባት ሳምንት ሆኖኛል፤ ከቤት ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ እመለሳለሁ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪንና ውኃ በሽንት የሚያስወጣውን ላዚክስ እወስዳለሁ፤ ደረቴን ሲያመኝም የታዘዘልኝ ትራማዶል አለ። ዱባይ የሚሠራው ልጄ የዓመት ፈቃዱን ነሐሴ ላይ አድርጎ ለሦስት ሳምንት እንድዝናና ለነሐሴ 12 ቲኬት ቆርጦልኛል። ባለቤቴ ግን ‹ሰማይ ላይ አየር አጥሮሽ ልብሽ ቢቆም ማን ይደርስልሻል› እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ጎረቤቶቼም ቡና ላይ አንዷ ‹ቁስልሽ በአውሮፕላኑ ግፊት ይከፈታል›፣ ሌላዋ ‹ደረትሽ ውስጥ ያለው ብረት ፍተሻ ላይ ጮሆ ያሳስርሻል› ይሉኛል። የሐኪም ቀጠሮዬ ነሐሴ 3 ነው። በየሳምንቱ የማደርገው የደም ምርመራ በቅርቡ 1.8፣ ቀጥሎ 4.3፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ 2.2 ሆኖ መጥቷል። ልሂድ ወይስ ልቅር? የልጄንም ልብ መስበር አልፈልግም።»

የተከበሩ እናት፣

ባለቤትዎ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋልና ዋናውን መልስ በመጀመሪያ ላስቀምጠው። በአውሮፕላን መሄድ የሚከለክልዎት ነገር የለም፤ ነሐሴ 12 ቀን ግን እንዲሄዱ አልመክርዎትም። ለዚህ ያበቁኝ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓቸው ሦስት የደም ምርመራ ቁጥሮች ናቸው። ወደ ቁጥሮቹ እስክንደርስ ድረስ ባለቤትዎንና ጎረቤቶችዎን ያስጨነቀውን ነገር በቅደም ተከተል ልመልስ፤ ፍርሃቱ ከቤት ካልወጣ የምሰጥዎት ምክር ሁሉ ጆሮ አያገኝምና።

አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ሲበር ውጭ ያለው አየር ለሰው የማይበቃ በመሆኑ፣ የመንገደኞቹ ክፍል አየር በማሽን እየታመቀ ይሞላል። ይሁን እንጂ እንደ ባሕር ጠረፍ አየር የወፈረ አይሆንም፤ የሚፈቀደው ዝቅተኛው ግፊት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ተራራ ላይ የሚገኘውን ያህል ነው። ይህም ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል መሆኑ ነው። እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ባሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ውስጥማ ከ1,800 ሜትር አካባቢ አያልፍም። ዕድሜውን በባሕር ጠረፍ ከተማ ለኖረ የልብ ሕመምተኛ ይህ ለውጥ ሊሰማው ይችላል፤ የውጭ አገር ሐኪሞች ስለ በረራ ሲያስጠነቅቁ በዓይነ ሕሊናቸው የሚያዩትም እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ደሴ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሌላው ሰው አውሮፕላን ውስጥ ለአራት ሰዓት የሚተነፍሰውን ስስ አየር እርስዎ ጦሳ ተራራ ሥር ተወልደው፣ አድገው፣ ልጅ አሳድገው ሌሊትና ቀን ሲተነፍሱት ኖረዋል። አዲሱ ቫልቭዎም ቢሆን ሥራውን የጀመረው 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ያሳለፈው ደሴ ላይ ነው። ስለዚህ ለባለቤትዎ ይንገሯቸው፤ ከቦሌ ተነሥተው ዱባይ እስኪያርፉ ድረስ የሚተነፍሱት አየር ሳሎናቸው ውስጥ ካለው አየር አይብስም፤ እንዲያውም ሳይሻል አይቀርም።

ለመብረር ዝግጁ መሆንን ለመገመት ሐኪሞች የምንጠቀምበት አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ ሰውዬው በሜዳ ላይ 100 ሜትር ያህል ተራምዶ፣ ከዚያም አንድ ፎቅ ደረጃ ወጥቶ ትንፋሽ ሳያጥረው ወይም ደረቱን ሳያመው ከቀረ፣ አብዛኛውን ጊዜ በረራውን ይችለዋል። ደሴ ለሚኖር ሰው ይህ መለኪያ ሳቅ የሚያጭር ነው፤ ከቤት ወጥቶ ዳገት ሳይወጣ ወይም ቁልቁለት ሳይወርድ የትም መድረስ የማይቻልባት ከተማ ናትና። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ቆመው እንደሚያርፉ አልጻፉልኝም። አንድ ጊዜም የማይቆሙ ከሆነ መልካም ነው፤ በየሃምሳ እርምጃው የሚቆሙ ከሆነ ግን ይህን ለሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ከአውሮፕላኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቦሌ የሚደርሱበት መንገድ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከኮምቦልቻና ከሚሴ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለ ቆላ ይገባል፤ ከዚያም ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በጉዞዎ ሁሉ ስስ የሆነውን አየር የሚያገኙት እንግዲህ ጣርማ በር ላይ እንጂ ሰማይ ላይ አይደለም። በዚያ ላይ ሙሉ ቀን ተቀምጦ መዋል አለ፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ደረት ይናወጣል፤ ላዚክስ የወሰደ ሰው ደግሞ መጸዳጃ የሌለበት መንገድ ጭንቁ ነው። ብዙ ሕመምተኞቼ በዚሁ ጭንቀት ምክንያት የጉዞ ቀን ላዚክሱን ሳይወስዱ ይቀሩና ማታ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ይገኛሉ። ስለዚህ በየትኛውም ቀን ቢሄዱ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ እንዲበሩ፣ ዘመድ ቤት አንድ ሌሊት አርፈውም በማግሥቱ ወደ ዱባይ እንዲነሡ እመክራለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ባለው ጥምዝምዝ ቁልቁለት በመኪናው የኋላ መቀመጫ ይቀመጡ፤ ቀበቶውን ሳያስሩ አይሂዱ፤ ደረትዎን እንዳይቆረቁርዎት በቀበቶውና በጠባሳው መካከል የታጠፈ ፎጣ ያድርጉ።

ቁስሉ በግፊት ይከፈታል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። ምናልባት ወሬው የተነሣው ከአንድ እውነት ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳንባ ዙሪያ የቀረ አየር ካለ ከፍታ ላይ ስለሚሰፋ፣ ያ አየር ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ መብረር አይፈቀድም። ይህ ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉዳይ ነው፤ ያለ ችግር ለተከናወነ የደረት ቀዶ ሕክምና የበረራ ሕክምና መመሪያዎች ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ መብረርን የሚፈቅዱት በዚሁ ስሌት ነው። እርስዎ በነሐሴ 12 ቀን ድፍን 11 ሳምንት ይሞላዎታል። ስለ ፍተሻውም ቢሆን፣ እኛ በልማድ የብረት ቫልቭ የምንለው አብዛኛው ክፍሉ ከካርቦን የተሠራ ነው፤ የደረት አጥንትዎን አጥብቀው የያዙት ቀጫጭን ሽቦዎችም የፍተሻውን በር እምብዛም አያስጮኹም። ቢያስጮኹ ጠባሳዎንና የቫልቭ ካርድዎን፣ ማለትም የገባልዎትን ቫልቭ የሚገልጸውን ካርድ፣ ማሳየት ይበቃል፤ በዚህ የታሰረ ሰው አላውቅም።

ጎረቤቶችዎ ያላነሡት፣ እኔ ግን በእያንዳንዷ ወደ ልጇ በምትሄድ እናት የማየው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሻንጣ ነው። በመጋዝ የተከፈተው የደረት አጥንት እንደ ማንኛውም የተሰበረ አጥንት የሚጠገን ሲሆን፣ ጠንክሮ እስኪይዝ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያ ከ5 ኪሎ በላይ ማንሣት፣ መግፋትም ሆነ መጎተት አይፈቀድም። እርስዎ ደግሞ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ቅቤውንና ዳቦ ቆሎውን ሳይዙ ልጅዎ ቤት እንደማይገቡ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ይያዙ፤ ግን በአንድም ቦታ፣ በሚዛኑም ሆነ ሻንጣ በሚዞርበት ቀበቶ ላይ፣ እጅዎ ሻንጣ እንዳይነካ። የእጅ ቦርሳዎን ከራስ በላይ ወዳለው ማስቀመጫ ለመስቀል እጅዎን ወደ ላይ አይዘርጉ፤ አስተናጋጇን ይጠይቁ። ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር እንዲዘጋጅልዎት ልጅዎ ያስመዝግብ፤ አገልግሎቱ አይከፈልበትም። ሰው ያየኛል ብለው አይፈሩ፤ የዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ እርምጃው ብዙ ነው፣ ተሸካሚም አብሮ ይገኛል።

አሁን ወደ ሦስቱ ቁጥሮች ልምጣ። በየሳምንቱ የሚሰጥዎት ቁጥር አይኤንአር ይባላል፤ ደምዎ ለመርጋት የሚወስድበት ጊዜ ከጤነኛ ሰው ምን ያህል እንደዘገየ ይናገራል። ዋርፋሪን የማይወስድ ሰው 1 አካባቢ ነው። በሚትራል በኩል የብረት ቫልቭ ለገባለት ሰው ግን ቁጥሩ ከ2.5 እስከ 3.5 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። በዚህ ሚዛን ሲታይ 1.8 ዝቅ ያለ፣ 4.3 ከፍ ያለ፣ 2.2 ደግሞ እንደገና ዝቅ ያለ ነው። ሦስት ጊዜ ተመርምረው ሦስቱም ጊዜ ከሚፈለገው ክልል ውጭ ሆነው ተገኝተዋል። ቁጥሩ ሲያንስ ደም ቫልቩ ላይ ሊረጋ፣ የረጋውም ተፈንቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ወይም የቫልቩን ክዳን ሊያጣብቅ ይችላል፤ ሲበዛ ደግሞ ትንሽ መውደቅ ወይም የቆየ የጨጓራ ቁስል ወደማይቆም የደም መፍሰስ ሊያደርስ ይችላል። ይህ አደጋ በተለይ የሚያይለው ቫልቩ ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ የልጅዎ ቲኬት የተቆረጠውም በእነዚሁ ወራት ውስጥ ነው።

ቁጥሩ እንዲህ መዋዠቁ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ሰውነትዎ ከቀዶ ሕክምናው እያገገመ ነው፤ የምግብ ፍላጎትዎ እየተመለሰ ነው፤ ሐኪምዎም ገና ልክዎን እየፈለጉ ነው። የዋርፋሪን ጠባይ ደግሞ ዛሬ የተቀየረ መጠን ውጤቱ በደም ላይ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ መሆኑ ነው። እንደ ጎመንና ሰላጣ ያለ ቅጠላ ቅጠል በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። አሁን የጉዞውን ቀን እንመልከት። ነሐሴ 12 ፍልሰታ ነው። የሚጾሙ ከሆነ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ከወትሮው ይልቅ ጎመን እየበሉ ሰንብተው ይሄዳሉ፤ ነሐሴ 16 ዱባይ ላይ ሲገድፉ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋና እንቁላል ይመጣል፤ በሳምንቱ ደግሞ ልጅዎ ምግብ ቤት ወስዶ ተቡሌ የሚባለውን፣ አብዛኛው የፓርስሊ ቅጠል የሆነውን የዓረብ ሰላጣ ያቀርብልዎታል፤ እርሱም ከጎመን የማይተናነስ ቫይታሚን ኬ አለው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ዓይነት አመጋገብ መሆኑ ነው፤ ያውም መጠንዎን የሚያውቀው ሐኪም በሌለበት አገር። የቁጥሩ መውጣትና መውረድ የሚታወቀው ደግሞ ሲመረመሩ ብቻ ነው፤ በስሜት አይለይም።

ይህን በማለቴ ጎመን ይተዉ ማለቴ አይደለም። ብዙ ሕመምተኞች «ጎመን ተከልክያለሁ» ሲሉ እሰማለሁ፤ የሚፈለገው መተው ሳይሆን በየሳምንቱ ተቀራራቢ መጠን መብላት ነው። ጾሙን በተመለከተ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ በዚህ ዓመት ቢያቆዩት የሚወቅስዎት አባት ያለ አይመስለኝም። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ አብሽ በወጥ ውስጥ ችግር የለውም፤ በመድኃኒትነት በባዶ ሆድ በብዛት መውሰድ ግን ዋርፋሪን ከሚወስድ ሰው ጋር አይስማማም። ከፋርማሲ በራስዎ ፈቃድ የሚገዙት የሕመም ማስታገሻ፣ በተለይ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ ከምግቡ ሁሉ የባሰ አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ አይንኩት።

ስለ ሕመም ማስታገሻ ካነሣሁ አይቀር፣ ትራማዶሉን ይዘው ዱባይ እንዳይገቡ። ደብዳቤዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ አንዱ ነገር ይህ ነው። ትራማዶልም ሆነ ኮዴይን የሚባለው ሌላው ማስታገሻ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች መካከል ናቸው፤ የአገሩን ጤና ባለሥልጣናት ቅድመ ፈቃድ ሳያገኙ ይዞ መገኘት እስከ እስር ሊያደርስ ይችላል። ጎረቤትዎ የቫልቩ ብረት ያሳስርሻል ያሉት የተሳሳተ ቢሆንም፣ የእጅ ቦርሳዎ ውስጥ ያለው ኪኒን ግን ሊያሳስርዎት ይችል ነበር። በ11ኛው ሳምንት የደረት ሕመም በፓራሲታሞል መብረድ ይኖርበታል፤ አሁንም ትራማዶል የሚያስፈልገው ሕመም ካለብዎት ሌላ ምክንያት እንዳለው መታየት አለበት። ፓራሲታሞልም ቢሆን ለተከታታይ ቀናት በብዛት ከተወሰደ አይኤንአርን ስለሚያዛባ ምን ያህል እንደሚወስዱ ይጠይቁ።

የነሐሴ ዱባይ ራሱም ሌላ ፈተና ነው። በነሐሴ ደሴ በክረምቱ ዝናብና ጉም ውስጥ ናት፤ እዚያ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሆናል፤ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ላብ እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ላዚክስ ውኃ ያስወጣል፤ ሙቀቱም ውኃ ያስወጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሲነሡ ያዞራል፤ የፖታሲየም መጠን ይቀንሳል፤ ፖታሲየም ሲቀንስ የልብ ምት ይረበሻል። «እንግዲያው ብዙ ውኃ ልጠጣ» እንዳይሉ ደግሞ የእርስዎ ልብ ከልክ በላይ ውኃም አይወድም። ይህን ሚዛን ለመጠበቅ የለመደ የልብ ሕመምተኛ ይቸገራል፤ እርስዎ ደግሞ ገና ጀማሪ ነዎት። ለመዝናናት የሄደ ሰው በነሐሴ ዱባይ ውስጥ ከአንዱ የገበያ አዳራሽ ወደ ሌላው ከመዘዋወር በስተቀር የሚያየው ነገርም ጥቂት ነው። ከኅዳር ጀምሮ ግን አየሩ ለስለስ ይላል፤ ባሕሩ ዳር ወጥቶ መቀመጥ ይቻላል።

እንግዲህ ምክሬ የሚከተለው ነው። ጉዞውን ወደ ኅዳር ወይም ወደ ጥር ያዛውሩት፤ እስከዚያ የደረት አጥንቱ ይጠናል፣ የቫልቩ አስጊ ሦስት ወር ያልፋል፣ ዋርፋሪኑም ልኩን ያገኛል። መሄድ የሚችሉበትን ቀን የሚወስነው ግን የቀን መቁጠሪያው ሳይሆን የደም ምርመራው ይሁን፤ ሦስት ተከታታይ ውጤቶች የመድኃኒቱ መጠን ሳይቀየር ከ2.5 እስከ 3.5 ውስጥ ሲያርፉ ልጅዎ ቲኬት ይቁረጥ። የልጅዎ ፈቃድ በነሐሴ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ የልጅንም ልብ መስበር ከባድ ነው። ታዲያ በዚያው ፈቃዱ እርሱ ለምን ወደ ደሴ አይመጣም? እናቱ ቀዶ ሕክምና ላይ ሳለች አጠገቧ አልነበረም፤ ከሦስት ሳምንት የገበያ አዳራሽ ይልቅ ነሐሴ 3 ከእርስዎ ጋር ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የሚወስዱትን መድኃኒት አንድ በአንድ ቢማር ኅዳር ላይ ዱባይ ሲቀበልዎት እውቀት ያለው አስታማሚ ይሆናል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የቤተሰቡን ነገር እርስዎ ያውቃሉ።

የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ ከሐኪምዎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ይውሰዱ፤ በውስጡም የተደረገው ቀዶ ሕክምና፣ የቫልቩ ዓይነትና መጠን፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ በሳይንሳዊ ስሙ፣ እንዲሁም የሚፈለገው የአይኤንአር ክልል ይኑርበት። የመጨረሻውን ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ቅጂ፣ የአይኤንአር ደብተርዎንና የቫልቭ ካርድዎን አያይዘው ይያዙ፤ ባለቤትዎም በስልካቸው ፎቶ ያንሷቸው። አየር መንገዶች በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረገ መንገደኛ ሜዲፍ የሚባለውን፣ ሐኪም ሞልቶ የሚፈርምበትን ቅጽ ሊጠይቁ ስለሚችሉ፣ ልጅዎ ቲኬቱን ሲቆርጥ ቅጹ ያስፈልግ እንደሆነና በስንት ቀን አስቀድሞ መግባት እንዳለበት ይጠይቅ። የጉዞ መድን ሲገባም የልብ ሕመምዎን ደብቆ አይግባ፤ የተደበቀ ሕመም ላስከተለው ወጪ መድን ድርጅቱ አይከፍልም።

መድኃኒቱን ሁሉ ከነካርቶኑ፣ ለሦስቱ ሳምንት ከሚያስፈልገው በላይ አድርገው በእጅ ቦርሳዎ ይያዙ፤ ሻንጣ ይጠፋል፣ ዋርፋሪን ግን አንድ ቀንም መጥፋት የለበትም። ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የዱባይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ያ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ እነርሱ ደግሞ የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው። ደሴ ላይ ማታ 2 ሰዓት የሚወስዱት ዋርፋሪን በዱባይ ሰዓት 9 ላይ ይውላል። ልጅዎ ለምዶበት «ዘጠኝ ሰዓት ውሰጂ» ቢልዎት እርስዎ በኛው ቆጠራ ከሰዓት በኋላ እንዳይውጡት፣ እርሱም ማታ እንደገና እንዳይሰጥዎት። አንድ ቀን ቢረሱና በዚያው ቀን ቢያስታውሱ ይውሰዱ፤ ካደረ ግን የረሱትን ትተው የዕለቱን ብቻ ይውሰዱ እንጂ በምንም ምክንያት ሁለት ቀን አያጣምሩ።

አውሮፕላኑ ውስጥ መተላለፊያው አጠገብ ያለውን ወንበር ይያዙ፤ በየሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ፤ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ። ከመጨናነቅ የተነሣ ሳል ቢመጣብዎት በሆስፒታል እንደተማሩት ትንሿን ትራስ ደረትዎ ላይ አቅፈው ይሳሉ። ላዚክስዎን በበረራው ቀን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱ አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ፤ መዝለል ግን አይሆንም።

ዱባይ በገቡ በሳምንቱ ውስጥ ልጅዎ አንድ ጊዜ አይኤንአር ያስመርምርዎት፤ ውጤቱንም መጠንዎን ለሚከታተሉት ሐኪም በስልክ ይላኩ እንጂ የማያውቅዎት ሐኪም በአንድ ውጤት ብቻ መጠኑን እንዳይቀይር። ቤቱ ውስጥ ሚዛን ይግዛ፤ ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ፤ በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ውኃ እየቋጠሩ ነው ማለት ነው፤ ለሐኪምዎ ይደውሉ። ትኩሳትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ ጉንፋን ነው ብለው ፀረ ተሕዋስ አይጀምሩ፤ ቫልቩ በተሕዋስ ተይዞ እንዳይሆን በመጀመሪያ ደምዎ መመርመር አለበት። ጥርስዎን እዚያ ላስነቅል እንዳይሉም፤ አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ስላለው የጥርስ ጉዳይ ከመሄድዎ በፊት እዚሁ ይለቅ። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከሰነፈ ወይም አንደበት ከተሳሰረ፣ ጭንቅላትዎን የመታዎት ነገር ካለ፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም በጸጥታ ሲተኙ የሚሰሙት የቫልቩ ቲክ ቲክ ድንገት ታፍኖ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ልጅዎ ሳይውል ሳያድር 998 ደውሎ አምቡላንስ ይጥራ። ቁጥሩን ከመሄድዎ በፊት በስልክዎ ላይ ያስመዝግቡ።

ሲመለሱም ከባሕር ጠረፍ ቀጥታ ወደ 2,500 ሜትር እንደሚወጡ አይርሱ። ሦስት ሳምንት ወፍራም አየር የለመደ ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ዳገቱ ሊከብደው ይችላል፤ እንኳን ደህና መጣሽ የሚሉዎትን ሰዎች ቤትዎ ተቀምጠው ይቀበሉ፤ በሳምንቱም አይኤንአር ይመርመሩ።

እኔ መዝገብዎን አላየሁም፤ የኤኮ ውጤትዎ የልብዎን ጉልበት ምን ያህል እንደሚያሳይ፣ ምትዎ የተስተካከለ መሆን አለመሆኑን አላውቅም። ስለዚህ ነሐሴ 3 ሲቀርቡ ይህን ጽሑፍ ይዘው ሐኪምዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ የእኔ የአይኤንአር ክልል ስንት ነው፣ ትራማዶሉን ማቆም እችላለሁ ወይ፣ በሙቀት አገር ላዚክሱና የምጠጣው ውኃ ስንት ይሁን። ቲኬቱ ግን ቀኑ በቀረበ ቁጥር ለመለወጥ እየከበደ ስለሚሄድ፣ ልጅዎ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ለአየር መንገዱ ይደውል።